የተመታ ማሽላ

ሽታው የደረሰኝ ከቆቦ ገበያ በስተጀርባ፣ በአሮጌው ወፍጮ ቤት ግድግዳ ጥላ ሥር ሳልፍ ነው። በሰሊጥ ዘይት የፈላ ጥቁር አዝሙድ፣ የተቀጠቀጠ ቅርንፉድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካፉር። ካፉር በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ የሟች ሽታ ነው፤ አስከሬን ታጥቦ ሲከፈን ይደረግለታል። አምና እናቴን ስንከፍናት ክፍሉን የሞላው ይኸው ሽታ ነበር። ወደ ቆቦ የመጣሁትም ለሙት ዓመቷ ሰደቃ ነው። ስለዚህ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ማሰብ የነበረብኝ እሷን ነው። ያሰብኩት ግን ጣቴን ነበር።

ስለ ጣቴ በሥርዓቱ ልናገር። የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ከመካከለኛው አንጓው ላይ ከግማሽ በላይ አይታጠፍም። ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበት ለስላሳ ገጽ በልጅነቴ ተሰነጠቀ፤ ተዛንፎም ገጠመ። የተመኘሁት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ነበር። ወደዚያ የሚያደርሰውን ትምህርት ከማንም ባላነሰ፣ ከብዙዎች በበለጠ ውጤት ተምሬያለሁ። አንድ ቀን ግን ከአስተማሪዎቼ አንዱ የቁስል መስፊያ ክር ስቋጥር ለረጅም ጊዜ ቆሞ ካየኝ በኋላ፣ «ጭንቅላትሽ የሚያውቀውን ጣትሽ አይሰማም» አለኝ። ትክክል ነበር። ትክክል የሆነን ሰው ይቅር ማለት ከባድ ነው። ከዚያ ወዲህ የራጅ ምስል አንባቢ ሐኪም ሆኜ፣ በተጋረደ ክፍል ውስጥ የሌሎችን ሰዎች አጥንት ጥላ ስመለከት ኖሬያለሁ። የእጅ ምስል ፊቴ በቀረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣብኛል፦ የእኔን ጣት የሰበረው ማን ነው? ተጠያቂ ሊሆኑ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ እናቴ ናት፤ እሷ ከእንግዲህ አትመልስልኝም። ሁለተኛው ደግሞ ቆቦ በመጣሁ ቁጥር መንገዴን ያስቀየረኝ ሰው ነው። በዚያን ቀን ሌላው መንገድ ለቦይ ተቆፍሮ ባይዘጋ ኖሮ በዚህ ግድግዳ ሥር አላልፍም ነበር።

በልጅነቴ ቆቦ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ ከሰዓት በኋላ ከዞብል በኩል የሚነሣ አቧራ የሚሸፍናት ከተማ ነበረች። በገበያ ቀን ከጎብዬና ከሮቢት ገበሬዎች ማሽላቸውን በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ ደጋሊት የሚባለው ዝርያ ለብቻ፣ ጅጉርቴው ለብቻ ይዘረጋል፤ ቀለሙን አይቶ የማይለይ ልጅ የሰው ቤት ልጅ ነው ይባላል። አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ከከተማው ዳር አንበርክከው ጨው ይሸጣሉ። የራያ ጎረምሶች ጎፈሬያቸውን ቅቤ ቀብተው፣ ሚዶ ሰክተው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት ሁለት ሆነው ይመላለሳሉ። የሚገዙት ነገር የላቸውም፤ ለመታየት ነው። የተማሪው ፋሽን ሌላ ነበር፤ የቻይና ሸራ ጫማና ከወልድያ የመጣ፣ ከጉልበቱ በታች የሰፋ ሱሪ። ሸራው ሲቀደድ የወጣው ጣት በተማሪ ቤት ቀለም ይቀባል፤ ከሩቅ ያልተቀደደ ይመስላል። የካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያ አንድን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውት ነበር። ባትሪው ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ ቀስ በቀስ ወንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ ዜማውን ተቀብሎ ይጨርስላታል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ቪዲዮ ቤት መግቢያው ለወንድ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለሴት ስሟ ነበር። ስለዚህ እነዚያን የቻይና የድብድብ ፊልሞች እኔ ከጭቃው ግድግዳ ውጭ ቆሜ በጆሮዬ ተከታተልኳቸው። ዛሬ የቪዲዮ ቤቱ ቦታ ላይ የሞባይል ጥገና አለ፤ ዘፈኑም ከእያንዳንዱ ኪስ ለየብቻው ይሰማል፤ ለማንም አብሮ የሚጨርስለት የለም።

ፈንታው ከአሰብ የተመለሰ የወደብ ጫኝ ነበር። አገሩ መልኩን ሲለውጥ ከዚያ የተመለሱት የእኛ ልጆች ፍራሽና ራዲዮ ተሸክመው መጡ፤ እሱ ያመጣው አንድ ጠርሙስ ቅባትና ሁለት እጆቹን ነው። ኩንግፉውን ያስተማረው አንድ የመርከብ ወጥ ቤት እንደሆነ ይናገር ነበር። መርከቧ ለጥገና ቆማ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ያ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ፣ ፈንታው ደግሞ እየላጠ ተማማሩ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ቅባቱን ከቆቦ ገበያ በተገኘው ነገር ተካው፤ ያ ሽታ የመጣው ከዚህ ነው። ቀን ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል፤ አመሻሹ ላይ በወፍጮ ቤቱ ግቢ ያስተምራል። የሚያስተምረው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቡጢ አልነበረም። አራቱ ጣቶች ይጨበጣሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ሌባ ጣት ብቻ በመካከለኛው አንጓው ወደ ፊት ይሾላል፤ አውራ ጣትም ከጎን ደገፍ ያደርገዋል። የክንድ ጉልበት በሙሉ ከአንድ ባቄላ በማይበልጥ ቦታ ላይ ያርፋል። «የአሞራ ዓይን» ይለው ነበር። ሻይ ቤት የተቀመጡት ግን ሌላ ስም ነበራቸው።

«ፈንታው፣ አሁን ኩርኩም ለመማር አስተማሪ ያስፈልጋል? እኔ ከክፍል አለቃችን በነፃ ተምሬያለሁ» ይለዋል አንዱ።

«አንተ የተማርከው መቀበሉን ነው» ይለዋል ፈንታው።

የወንድሜን የትምህርት ቤት ሱሪ ከቀሚሴ ሥር አጥልቄ ግቢው ውስጥ በገባሁ ቀን ወንዶቹ ልጆች ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከሳቅ ይከፋ ነበር። ፈንታው ዝም አላለም። «እጅሽን አምጪ» አለኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ «ቀጭን ነው። ደግ ነው። ባለ ወፍራም አጥንት ይቸኩላል» አለ። ከዚያም ወደ ወንዶቹ ዞሮ፣ «ይቺ ከእናንተ ቀድማ ነው የምትጨርሰው፤ አሁን ሳቁ» አላቸው። የሳበኝ ድብድቡ አልነበረም፤ በሕይወቴ የመታሁት ሰው የለም። የወደድኩት ልኩን ነው። በዙሪያዬ የነበረው ሁሉ በግምት፣ በይሆናልና በአላህ ያውቃል የሚሠራ ነበር። ያ አንጓ ግን ወይ በቦታው አለ፣ ወይ የለም። በኋላ ዘመን የሐኪም ስለት ለመያዝ የተመኘሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

የእጅ ማጠንከሪያው ሕግ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ እህል፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ በመጨረሻ ጠጠር። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ማሽላ ያመጣል፤ በሳፋ ይሞላል፤ አንጓውን ወደ እህሉ ይወረውራል። «እህል ይሸሻል» ይል ነበር ፈንታው፤ «ለእጃችሁ ቦታ ይለቃል። አንድ ክረምት ሙሉ እህል ነው። አሸዋውን እኔ እስክላችሁ ማንም እንዳያነሣብኝ።» ከዚያ በኋላ ቅባቱን እያሸን እጃችንን እናፍታታለን። የማሽላውን ስሜት አሁንም አልረሳሁትም። ላዩ ሞቃት ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ። አንጓው ሲገባ ፍሬዎቹ ተንሸራተው ያቅፉታል፤ ሲወጣ አቧራ የተቀላቀለበት ጣፋጭ ሽታ ይነሣል። ከዓመታት በኋላ በሕክምና ትምህርት ቤት ያነበብኩት ነገር ከፈንታው ሕግ ጋር አልተጋጨም፤ አጥንት በትንሽ በትንሹ ሲጫኑት፣ ጊዜም ሲሰጡት ይወፍራል፤ በመጋጠሚያው ላይ ያለው ለስላሳ ገጽ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ እንደነበረ አይመለስም። ሕጉ ደግ ሕግ ነበር። የፈረሰው በሰነፎች ወይም በችኩሎች አይደለም።

ያፈረሰችው እናቴ ናት። እናቴ ከድጃ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ሴት ነበረች። በክፉው የረሃብ ጊዜ ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ቀብራለች። ከእርዳታ መኪና ሥር የፈሰሰ ስንዴ ከአፈር ለይታ ለቅማለች። በቤታችን አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ብትወድቅ ተነሥታ፣ ተስማ፣ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ይህ ከሶላት ጋር አብሮ የተማርነው ነገር ነው። ጎረቤት ሹክ ብሏት ኖሮ አንድ አመሻሽ ከግቢው በር ላይ ቆማ አየኋት። እጄ ማሽላው ውስጥ ነበር።

«ፈንታው» አለችው።

«አቤት፣ እቴ ከድጃ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሽላ ነው።»

«ማሽላ መሆኑንማ አየሁ። ምን አድርጎህ ነው የምትመታው?»

ከልጆቹ አንዱ «ሰድቦት ነው!» አለና ሁሉም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ተንበረከከች። ከሳፋው ዙሪያ የተበተነውን ፍሬ እየለቀመች፣ እየሳመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ጀመር። ሳቁ ቆመ።

«እኛ እኮ አንጥለውም፣ እቴ» አለ ፈንታው። «ስንጨርስ ወደየቤቱ ይመለሳል።»

«አትጥሉትም። ትመቱታላችሁ።» ቀና ብላ አላየችውም። «እናትህ ብርቄ አንተን አዝላ ለአንድ እፍኝ ብላ እስከ ዋጃ በእግሯ ሄዳለች። አብሬያት ነበርኩ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። በመንገድ ላይ አንተ ስታለቅስ እሷ አፍህ ውስጥ ጣቷን እየከተተች ታታልልህ ነበር። በል እንግዲህ ምታው። እያየሁህ ምታው።»

እጁን አላነሣም። በማግስቱ ሳፋዎቹ ባዶ ሆነው በግድግዳው ሥር ተደፍተው አገኘናቸው። «እህሉ ቀርቷል» አለ ፈንታው፤ ዓይናችንን አላየም። «ከአሸዋው እንጀምራለን።» ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም፤ የእናቴ ልጅ ነኝና። በሌላ አገር እጁን የሚያጠነክር ተማሪ የሚሰበረው በትዕቢቱ ነው ይላሉ። እኛ የተሰበርነው በአክብሮት ነው።

አሸዋውን ከጎሊና ወንዝ አመጣነው። በበጋ ጎሊና ውሃ የሌለው ሰፊ ነጭ መንገድ ነው፤ አሸዋው ለዓይን ከማሽላ የለሰለሰ ይመስላል። ነገር ግን አሸዋ አይሸሽም። በተመታ ቁጥር እየተጠቀጠቀ ይጠነክራል፣ ከሥሩም ጎርፍ ያመጣው፣ ደርቆ የጠጠረ ደለል አለ። ሌሎቹ ልጆች ሲያማቸው ያርፋሉ፤ እኔ አላረፍኩም፤ «ይቺ ከእናንተ ቀድማ ነው የምትጨርሰው» ተብሎልኛልና። አንድ አመሻሽ ድምፁን ሰማሁት። የደረቀ የማሽላ አገዳ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። ፈንታው እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አይ እኔ፣ አይ እኔ» ከማለት በቀር የተናገረው አልነበረም። ከሮቢት ወጌሻ መጣ። ወጌሻው ሲጎትት እናቴ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሲያበቃ ላቤን ጠረገችና፣ «ጣት ነው፤ ይድናል» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «እህሉን እንደመታችሁት ብትቀጥሉ ግን ምን እንደሚመጣብን አላህ ያውቃል» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ከቆቦ ወጥቼ በሄድኩበት ሁሉ ይዤው ዞሬያለሁ። በሚዛኑ በአንድ ወገን ማሽላው፣ በሌላው ወገን የእኔ ጣት፤ እሷም ሳታመነታ መርጣለች። ፈንታው ደግሞ ትክክለኛውን እያወቀ ዝም ብሏል። ከሁለቱ የትኛው ይከፋል? ለብዙ ዓመታት ፍርዱን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ግድግዳውን ዞሬ ገባሁ። ወፍጮው ተነቅሏል፤ ግቢው ግን ያው ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ ከግማሽ በላይ ሴቶች፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የሸራ ከረጢቶችን በአንጓ ይመታሉ። ጥግ ላይ በሦስት ጉልቻ የተጣደ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። ፈንታው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአንዷን ልጅ እጅ በቅባት ያሻል። ጎፈሬው የለም፤ የቀረው ጥቂት ጸጉር ነጭ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«ዘይኑ» አለ። ለመነሣት ሞከረ፤ በእጄ ከለከልኩት። «አላህ ይርሐማት። ሰደቃው እንዴት አለፈ?»

«አልፏል።» ሌላ መግቢያ አልፈለግኩም። «አያ ፈንታው፣ እህሉን ለምን ተውከው? አሸዋው እንደሚሰብረን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

የልጅቷን እጅ ለቀቀ። «እናትሽ ያንን ከተናገረች በኋላ ማሽላው ላይ እጄ አልነሣ አለ። እናንተንም ተበተኑ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጆቹ ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ።» ማስተባበያ አልጨመረም። የምጠብቀው ማስተባበያ ነበር፤ ለእሱ የሚሆን መልስ ከነማስረጃው አዘጋጅቼ ነበር።

በዚህ መካከል ጆሮዬ አንድ ነገር ለየ። የአሸዋ ከረጢት ሲመታ ድፍን ድምፅ አለው። እነዚህ ግን ይንሿሿሉ። አጠገቤ ያለችውን ልጅ፣ «ውስጡ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ደጋሊት» አለች፣ እንዴት ይጠየቃል በሚል ፊት።

«እህል ትመቻለሽ?»

«እንበላዋለን እኮ! ክረምቱን የመታነውን አዲሱ ማሽላ ሳይታጨድ አጥበን፣ ቀቅለን እንበላዋለን። ያልበላ ደግሞ ለከርሞ አይመታም።» ወደ ድስቱ ጠቆመች። «የእቴ ከድጃ ሕግ ነው።»

ስሙን የጠራችው የማያከራክር የቆየ ነገር እንደሚጠራ ነበር። ወደ ፈንታው ዞርኩ።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ በገባሽ በወሩ ነው» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አንድ ቁና ማሽላ በራሷ ተሸክማ መጣች። ልትራገም ነው ብዬ ልሸሽ ነበር። እዚህ አስቀመጠችውና፣ ‹ይሄን ምቱት። ስትጨርሱ ግን ሁላችሁም ትበሉታላችሁ፤ እየበላችሁም አመስግኑ› አለች። ‹ምነው እቴ፣ አንቺ አልነበርሽ ወይ የከለከልሽን?› ብላት፣ ‹ልጄ ፎርም ስትሞላ አየኋት፤ እስክሪብቶውን በመሐል ጣቷ ነው የምትይዘው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ንፍሮውን የምትቀቅለው እሷ ነበረች። ያለ እሷ ሲቀቀል ዛሬ የመጀመሪያው ነው።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹ለዘይኑ እንዳትነግራት› አለችኝ። ‹ዘገየሽ ትለኛለች። እውነቷንም ነው።›»

ትክክል ነበረች፤ ያንኑ ነበር የምላት። አሁንም የምለው ያንኑ ነው። አንድ ድስት ውሃ፣ ማገዶ፣ ጥቂት ጨው፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። የተመታውን ቀቅሎ መብላት በዚያ አመሻሽ ከሦስታችን ለአንዳችን ቢታየን ኖሮ ዛሬ ጥላ አንባቢ አልሆንም ነበር። ለማንም ያልታየው መላ በመጨረሻ ለእሷ ታየ፤ የታየውም የተበላሸውን ጣቴን አተኩራ ስላየች ነው። ይህ አያጽናናኝም። ፍርዱ ግን ተከሳሽ አልባ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

ድስቱ ወረደ። ልጆቹ እየተጋፉ መጡ። ፈንታው «ለእንግዳዋ መጀመሪያ» አለ። አንዱ ልጅ፣ «እሷ ምን መታች?» ብሎ ተሟገተ። ፈንታው ትክ ብሎ አየው። «ከእናንተ ሁሉ በፊት መትታለች» አለ። «ድርሻዋን ሳትበላ ነው የሄደችው።»

ትኩሱን ንፍሮ በግራ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። አንዲት ፍሬ በቀኝ እጄ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለማንሣት ሞከርኩ። ሾልካ አፈሩ ላይ ወደቀች። ልጆቹ ፍሬዋን ተመለከቱ፤ የወደቀች ፍሬ እንደምትነሣ እነሱም ያውቃሉ። ጎንበስ አልኩ። ሌሎች ጣቶች ነበሩኝ፤ ግራ እጄም ነበረኝ። በዚያው ጣት ሞከርኩ፤ ሾለከች፤ ደግሜ ሞከርኩ። ጊዜ ወሰደብኝ። ማንም አላቻኮለኝም። በመጨረሻ ተያዘችልኝ፤ አፈሯን እፍ አልኩላት፣ ሳምኳት፣ በላኋት።